ዛፍዎን ለቆራጭ ከመስጠትዎ በፊት፦ በከተማው ዳርቻ ለምንኖር የአሠራር መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በካራ አካባቢ ችግኝ እሸጣለሁ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ሊተክል ነው፤ ግንቦት ከገባ በኋላ ግን የምሰማው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ጋሼ፣ ጥሩ ዛፍ ቆራጭ ያውቃሉ?» ጠያቂዎቹ ከለገጣፎ፣ ከየካ አባዶ፣ ከሰንዳፋ መንገድ፣ አንዳንዴም ከሱሉልታ ናቸው። ጭንቀታቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ቤቱ ሲሠራ ከአጥሩ ሥር የተተከለው ጥድ ወይም ባሕር ዛፍ ዛሬ ጣሪያውን አልፎ ሄዷል፤ ነፋስ ሲነሣ ይንቋቋል፤ ክረምቱም እየደረሰ ነው። ስልክ ቁጥር ብቻ ሰጥቼ ያሰናበትኳቸው ሰዎች ከወር በኋላ «ዛፉ ምን ሆነ ብለህ ነው!» እያሉ ሲመለሱ ስላየሁ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፌዋለሁ።

ወደ ቅደም ተከተሉ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። በእኛ አካባቢ የቁረጣ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በእንጨቱ ነው። ቆራጩ ሽቅብ አንጋጦ ያይና «ገንዘብ አንፈልግም፣ እንጨቱን ብቻ ይተዉልን» ይላል። የምሥራች ይመስላል። ነገር ግን ደመወዙ ግንዱ የሆነ ሰው ሁለት የደረቁ ቅርንጫፎች አውርዶ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው፤ የሚያየው አጣና፣ ማገርና ፍልጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ለሥራው ገንዘብ እንደሚከፍሉና እንጨቱን ለብቻው እንደሚሸጡ ወይም እንደሚያስቀሩ ታሳቢ ያደረጉ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከእርስዎ በኩል፦
- የመለኪያ ሜትርና ልክ 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ
- ቀይ ጨርቅ፣ በቀጫጭኑ የተቀደደ
- ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ
- የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎ ቅጂና መታወቂያ
- ለውል የሚሆን ወረቀት፣ ሁለት ምስክሮች
- ያረጀ ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ
- ትንሽ ጠርሙስ 70 በመቶ አልኮል

ከሠራተኞቹ በኩል፦
- የእጅ መጋዝና በደንብ የተሳለ የሞተር መጋዝ
- ቢያንስ ሁለት ጠንካራ ገመድ፤ አንዱ ለሰው፣ ሌላው ለቅርንጫፍ
- የወገብና የጭን መታጠቂያ
- የራስ ቁር፣ የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ጓንት፣ የማያንሸራትት ቦት ጫማ

ይህን ዝርዝር ለሠራተኞቹ ሲያነቡላቸው ፊታቸውን ይመልከቱ። «ይሄማ የሚያስፈልገው ለፎቅ ሠራተኛ ነው» ብሎ የሚስቅ ካለ ምርጫዎን ቀለል አድርጎልዎታል።

1. ዛፉ ምን እንደሚፈልግ መጀመሪያ ራስዎ ይወስኑ

«ዛፉን ቁረጡልኝ» ማለት መሠረቱ ድረስ ማውረድም፣ ጥቂት ቅርንጫፍ ማቅለልም ሊሆን ይችላል። ሳይወስኑ ሰው ከጠሩ ውሳኔው የመጋዙ ባለቤት ይሆናል።

ከዛፉ ራቅ ብለው፣ ቁመቱን ያህል ርቀት ላይ ቆመው በአራቱም አቅጣጫ ይመልከቱት። ከዚያ ቀርበው ሥሩን ያጥኑ። የሚያሳስቡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ዘንድሮ የጀመረ ማዘንበል፤ ባዘነበለበት ተቃራኒ በኩል መሬቱ መሰንጠቁ ወይም ማበጡ፤ ከግንዱ ሥር የበቀለ እንጉዳይ፤ በመዶሻ እጀታ ሲመቱት እንደ ከበሮ ባዶ የሚጮህ ግንድ፤ ሁለት ግንዶች የተገናኙበት ቦታ ላይ የተከፈተ ስንጥቅ። ከልጅነቱ ጀምሮ አጋድሎ ያደገ ዛፍ ግን ብቻውን አያስፈራም፤ ሥሩን በዚያው ልክ አጠንክሮ ኖሯል።

አፈሩንም ይዩ። ግቢዎ ዋልካ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ይዞ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። በዚህ አፈር ላይ የቆመ ረጅም ባሕር ዛፍ ከቀይ አፈር ላይ ካለው ይልቅ ከነሥሩ ለመነቀል የቀረበ ነው።

አሁን ዛፉን ይለዩ፤ ይህ ክፍል የሚዘለል አይደለም።

ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ስሕተት ቢሠራም ዛፉ ይመለሳል፤ ችግሩ የተመለሰው ቡቃያ ከግንዱ ጋር ያለው መያያዣ ደካማ መሆኑ ነው። ግራቪሊያም ቢከረከም ይችላል፤ ቅርንጫፉ ግን በነፋስ ቶሎ ይሰበራል፣ አቧራውም ቆዳ ያሳክካል።

የፈረንጅ ጥድና የሐበሻ ጥድ ሌላ ነገር ናቸው። አረንጓዴ ቅጠል ያለበትን ክፍል አልፈው ቡናማው፣ ራቁቱ እንጨት ላይ ከቆረጡ በዚያ ቦታ ዳግም አይለመልምም። ይህን የተማርኩት በራሴ ግቢ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ጥድ በጎረቤቴ ግድግዳ በኩል ያለውን ጎኑን እንዲላጩልኝ አደረግሁ። የጎረቤቴ ወገን ዛሬም እንደተላጨ ነው፤ ከመንገድ ለሚያየው ዛፍ፣ ከእርሳቸው መስኮት ለሚያየው ደግሞ የቆመ መጥረጊያ ይመስላል። እርሳቸው ጨዋ ሰው ስለሆኑ ምንም አላሉኝም።

ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዋንዛና ብሳና በግቢዎ ካሉ ደግሞ የደረቀውን ከማንሣት አልፈው ከመሄድዎ በፊት ደጋግመው ያስቡ። አንድ ወይራ አሁን ያለበት ውፍረት ላይ እስኪደርስ የፈጀበትን ዘመን ምንም ቆራጭ ሊመልስልዎ አይችልም።

አጥርዎ ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ከሆነ ለብቻው ማስጠንቀቂያ አለው። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ያለ መነጽርና ጓንት ማንም እንዳይነካው። ከገባም ዓይንን በብዙ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

2. ቁመቱን ይለኩ

ዋጋ ስትደራደሩ ሠራተኛው «20 ሜትር ነው» ይላል፣ እርስዎ 12 ይላሉ። ክርክሩን ፀሐይ ይፈታዋል። ባለ 1 ሜትር ዱላዎን ቀጥ አድርገው ያቁሙና የጥላውን ርዝመት ይለኩ፤ በዚያው ደቂቃ የዛፉንም ጥላ ይለኩ። የዛፉን ጥላ ለዱላው ጥላ ያካፍሉ። የዱላው ጥላ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የዛፉ ደግሞ 12 ሜትር ከሆነ ዛፉ 15 ሜትር ነው። መሬቱ ሜዳ መሆን አለበት፤ ተዳፋት ከሆነ ልኩ ይዛባል።

ቁመቱ ለዋጋ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ዛፉ ሙሉ በሙሉ የሚወድቅ ከሆነ የቁመቱን እጥፍ ያህል ርቀት ዙሪያውን ከሰው ነጻ መሆን አለበት። 15 ሜትር ለሆነ ዛፍ 30 ሜትር ማለት ነው። 200 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ ይህ እንደማይገኝ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ዛፍ በአንድ ጊዜ አይጣልም፣ ከላይ ጀምሮ እየተቆራረጠ በገመድ ይወርዳል። ሥራው ረዘም ይላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

3. የኤሌክትሪክ መስመሩን ይመልከቱ

ከቅርንጫፎቹ አንዱ ወደ መስመር የተጠጋ ከሆነ እዚህ ላይ ይቁሙ። ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውሉ፤ መስመሩ ተቋርጦ ወይም የእነርሱ ሠራተኞች ባሉበት እንዲሠራ ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በየሰፈሩ መንገድ ዳር የሚያልፈው ከፍተኛው መስመር 15 ሺህ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሰውን ለመግደል ሽቦው የግድ በእጅ መነካት የለበትም፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ወይም የብረት መሰላል መሐል ገብቶ ያገናኘዋል። «መብራቱ ስለጠፋ አሁን ቶሎ እንቁረጠው» የሚል ሰው ይኖራል። መብራት ሲመለስ ማንንም አያስጠነቅቅም።

4. ፈቃዱን ራስዎ ያውጡ

ቆራጩ «ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ» ቢልዎ አመስግነው እምቢ ይበሉ። ችግር ቢመጣ የሚጠየቀው የግቢው ባለቤት ነው።

መጀመሪያ ቤትዎ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ያረጋግጡ። በከተማው ዳርቻ አንድ መንገድ ሲሻገሩ ከአዲስ አበባ ወጥተው ሸገር ከተማ ሊገቡ ይችላሉ፤ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ዛሬ በሸገር ሥር ናቸው። በአንዱ ወረዳ የተጻፈ ወረቀት ለሌላው አይሠራም። ማመልከቻ፣ የካርታ ቅጂና ከሦስት አቅጣጫ የተነሣ የዛፉን ፎቶግራፍ ይዘው ይሂዱ። በማመልከቻው ላይ የዛፉን ዓይነት፣ ቁመቱንና ምክንያቱን ይጻፉ፤ «አደጋ ስላለው» ከሚል ይልቅ «ሐምሌ ላይ መሬቱ በምዕራብ በኩል ተሰንጥቋል» የሚለው ባለሙያው መጥቶ የሚያየው ነገር ይሰጠዋል።

ከአጥርዎ ውጭ ያለ የመንገድ ዳር ዛፍ፣ ራስዎ ተክለው ውኃ እያጠጡ ያሳደጉት ቢሆንም፣ ሳይጠይቁ የሚነኩት አይደለም።

እንጨቱ በመኪና የሚወጣ ከሆነ ስለ ማጓጓዣው ወረቀትም በዚያው ይጠይቁ። ኬላ ላይ የተያዘ ጭነት ለእንጨቱ ባለቤትም ለሹፌሩም ጣጣ ነው።

5. ሠራተኞችን ይፈልጉ፤ የድሮ ሥራቸውን ይዩ

ጥሩ ሠራተኛ የሚገኝባቸው ቦታዎች፦ ችግኝ ጣቢያዎች፣ ትልልቅ ግቢ ያላቸው ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት አትክልተኞች፣ በማኅበር ተደራጅተው የአረንጓዴ ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች። መንገድ ዳር መጥረቢያ ይዘው ከሚጠብቁት መካከልም እጅግ ጎበዝ ሰው አለ፤ ግን ከንግግሩ ሳይሆን ከሥራው ነው የሚታወቀው።

ቢያንስ ሦስት ሰዎች ያነጋግሩ። ከእያንዳንዱ ከአንድ ዓመት በፊት የሠራውን አንድ ዛፍ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ትናንት የተቆረጠ ዛፍ ሁሉ ንጹሕ ይመስላል፤ እውነቱን የሚናገረው የዓመት ቁስል ነው። በትክክል የተቆረጠ ቦታ ዙሪያውን እንደ ከንፈር ያበጠ አዲስ ልጣጭ አውጥቶ ወደ መሐል እየተሰበሰበ ይገኛል። በስሕተት የተቆረጠው ደግሞ ወይ እንደ ኮት መስቀያ የቀረ የደረቀ ጉጥ አለው፣ ወይ ከሥሩ ልጣጩ ወደ ታች ተገሽልጧል።

ከዚያ እነዚህን ይጠይቁ፤ መልሱንም ከጥያቄው ጋር አብሬ ሰጥቻለሁ።

«ይሄን ዛፍ ብትሠራው ምን ታደርጋለህ?» ጥሩው ሠራተኛ ከመመለሱ በፊት ዛፉን ይዞረዋል፤ «ለምን ፈለጉት?» ብሎም ይጠይቅዎታል። ገና ከበሩ ላይ «ጋሼ፣ ጫፉን ብናወርደው ይሻላል» የሚለውን ይለፉት። ጫፍ መቁረጥ ዛፉን አያሳጥረውም፤ ከቁስሉ ዙሪያ በችኮላ የሚወጡ ብዙ ቡቃያዎች በጥቂት ዓመታት ወደዚያው ቁመት ይመልሱታል፣ ያውም በበሰበሰ መሠረት ላይ።

«እንዴት ትወጣለህ?» በእግር የሚታሰር የብረት ጥፍር የሚጠቀም ከሆነ ለሚወድቅ ዛፍ ምንም አይደለም። ለሚኖር ዛፍ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ልጣጩን የሚበሳ ቁስል ነው። በገመድና በመሰላል መውጣት መቻል አለበት።

«ለሰንሰለቱ ምን ዘይት ትጠቀማለህ?» ይህን የሚጠይቅ ደንበኛ ስለሌለ ይደነግጣሉ። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ሲሽከረከር ዘይቱን ይረጫል፤ የረጨው በሙሉ ዛፉ ላይና አፈርዎ ላይ ይቀራል። ብዙዎች የሚጨምሩት ከጋራዥ የተገኘ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው፤ በውስጡ የሞተር ብረት ብናኝና ሌላም ቆሻሻ አለ። የጓሮ ጎመንዎ ከዛፉ ሥር ከሆነ አዲስ የሰንሰለት ዘይት እንዲጠቀም ይስማሙ፤ ባይኖረው ራስዎ ቢገዙለት እንኳ ከጠቅላላ ወጪው ትንሽ ነው።

«ከናንተ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ምን ታደርጋላችሁ?» ዝም ካሉ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ዋስትና ያለው ቡድን ካገኙ ዋጋው ቢበልጥም እርሱን ይያዙ። ግቢዎ ውስጥ የተሰበረ ሰው ጉዳይ እርስዎን ሳይነካ አያልፍም።

6. ወሩን ይምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለመከርከም ምቹ ነው። ግንዱ ደረቅ ስለሆነ አያንሸራትትም፤ መሬቱ ጠንካራ ስለሆነ መሰላል አይሰምጥም፤ እንጨቱም ቶሎ ይደርቃል። ሰው ሁሉ የሚደውለው ግን በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ያኔ ቆራጩ በቀን ሦስት ግቢ ስለሚሮጥ ዋጋውም ጥድፊያውም ይጨምራል። አደገኛ ሆኖ የተገኘ ዛፍ ወር አይጠብቅም፤ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ሳምንት ጠዋት ላይ ዛፉን ለአንድ ሰዓት ያህል ይከታተሉ። ወፍ ምግብ ይዛ ወደ አንድ ቦታ የምትመላለስ ከሆነ ጎጆ አለ፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ያቆዩት። የንብ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ንብ አናቢ ይጥሩ። የሞተር ድምፅ የሰማ ንብና ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው አንድ ላይ መገናኘት የለባቸውም።

7. ውሉን በወረቀት ያድርጉ

የሚቆረጡትን ቅርንጫፎች ከሠራተኛው ጋር ሆነው ይምረጡና ቀይ ጨርቅ ይሰሩባቸው፤ የማይደረስባቸውን ፎቶግራፍ አንሥተው በስልኩ ላይ ምልክት ያድርጉ። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ለአንዲት ደንበኛዬ የጻፍነው እንዲህ ይላል፦

«ከቤቱ በስተምሥራቅ ያለው ጥድ አይወድቅም፣ ጫፉም አይነካም። ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው 5 ቅርንጫፎች ብቻ ከግንዱ አንገት ላይ (ቅርንጫፉ ከግንዱ ከሚወጣበት ያበጠ ቀለበት ወጣ ብሎ) ይወገዳሉ። እንጨቱ በሙሉ የቤቱ ባለቤት ነው፤ በ1 ሜትር ተቆራርጦ በአጥሩ ሥር ይደረደራል። ጭራሮና ቅጠል ግቢ ውስጥ አይቃጠልም። ጣሪያ፣ አጥር ወይም የጎረቤት ንብረት ከተጎዳ ሠራተኛው ያስጠግናል። ከዋጋው አንድ ሦስተኛ በመጀመሪያ፣ ቀሪው ሥራው ታይቶ ይከፈላል።»

«እንጨቱ የባለቤቱ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ ትሠራለች። እርሷ ከተጻፈች በኋላ ስድስተኛውን ቅርንጫፍ ለመቁረጥ የሚያጓጓ ነገር አይኖርም። እንጨቱን ለሠራተኞቹ መስጠት ከፈለጉ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ እንደ ጉርሻ ይስጧቸው።

ጠቅላላ የሚወገደው ከዛፉ አረንጓዴ ክፍል ከአንድ አራተኛ እንዳይበልጥ ያድርጉ። ቅጠሉ የዛፉ ወጥ ቤት ነው፤ ከዚህ በላይ ከተወሰደ ዛፉ ያስቀመጠውን ይበላና ይደክማል። ብዙ መቀነስ ካለበት ለሁለት ዓመት ያካፍሉት።

8. በዋዜማው ያዘጋጁ

ለጎረቤት ይንገሩ፤ ቅርንጫፉ ወደ እነርሱ የሚዘልቅ ከሆነ ሄደው ያነጋግሩ እንጂ በልጅ አይላኩ። መኪና ይውጣ፣ ውሻ ይታሰር፣ የልብስ ገመድ ይፈታ። ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት ቀን ቢሆን ይመረጣል። የውኃ ቱቦና የሴፕቲክ ታንክ ክዳን ያለበትን ቦታ ያሳዩ፤ ከላይ የሚወርድ ግንድ ክዳን ይሰብራል።

እንጨት ጫኝ አይሱዙ ወደ ዛፉ ሥር እንዳይገባ ይከልክሉ። ከዛፉ ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። እርጥብ ዋልካ ላይ አንድ ጊዜ የተነዳ መኪና አፈሩን ጠቅጥቆ አየር ያሳጣዋል፤ ዛፉ መድረቅ የሚጀምረው ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሆነ ማንም መኪናውን አያስታውሰውም።

9. በሥራው ቀን አጠገባቸው ይሁኑ

ሻይ አቅርበው ወደ ቤት አይግቡ። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሲቆርጡ ቆመው ይዩ።

ከመጀመራቸው በፊት የመጋዙን ጥርስ በአልኮል ያስጠርጉ። ከትናንቱ ግቢ የታመመ ጥድ ቆርጦ የመጣ መጋዝ የፈንገስ በሽታ ይዞልዎ ሊመጣ ይችላል። ነዳጅና ዘይት የሚሞሉት በዘረጉት ሸራ ላይ ይሁን።

ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ነው የሚወርደው። የመጀመሪያው ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ ነው፤ የቅርንጫፉን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ይገባል። ሁለተኛው ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቅርንጫፉ እዚህ ላይ ቀጭ ብሎ ይወርዳል። የቀረውን ጉጥ ሦስተኛው ቁርጥ ያነሣዋል። የመጀመሪያው ቁርጥ ከተዘለለ ቅርንጫፉ በራሱ ክብደት ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ እንደ ሙዝ ልጣጭ እየገሸለጠ ይዞት ይወርዳል፤ ድምፁን አንዴ የሰማ አይረሳውም፣ እንደ አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ ነው።

ሦስተኛው ቁርጥ የት እንደሚያርፍ ጠጋ ብለው ይዩ። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ያበጠና የተሸበሸበ ቀለበት አለ፤ እጅዎን ቢያሳልፉበት ይታወቅዎታል። ቁርጡ ከዚህ ቀለበት ወጣ ብሎ ነው የሚያልፈው። ቁስሉን የሚደፍነው ሕይወት ያለው ክፍል እዚያ ቀለበት ውስጥ ነውና ከግንዱ ጋር እኩል ላጭተው ካስወገዱት ዛፉ መዝጊያ የለውም። ርቀው ጉጥ ካስቀሩ ደግሞ ጉጡ ይሞትና ብስባሱ ወደ ውስጥ ይገባል።

ቁስሉ ላይ ቀለም፣ ሬንጅ ወይም ጭቃ መቀባት አያስፈልግም። እርጥበት ይዞ ብስባሱን ያግዛል እንጂ አያድንም። «ዛፉ እንዳይደማ» ብለው ቀለም ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ቀለሙ ለበሩ ይሁን።

ዛፉ የሚወድቅ ከሆነና ሰፊ ቦታ ካለ ሠራተኛው መጀመሪያ በሚወድቅበት በኩል የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ያወጣል፤ ጥልቀቱ የግንዱን ውፍረት አንድ አራተኛ ያህል ነው። ከዚያ ከኋላ ይቆርጣል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አይደለም። በመሐል የውፍረቱን አንድ አሥረኛ ያህል ሳይቆረጥ ይተዋል፤ ዛፉ በዚያ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ዞሮ ወደታሰበበት ይተኛል። ይህን ማጠፊያ የቆረጠ ሰው ዛፉን ለነፋስ አስረክቦታል።

ሥራውን ወዲያው የሚያስቆሙባቸው ነገሮች፦ የሞተር መጋዝ በአንድ እጅ መያዝ፤ መሰላል ላይ ቆሞ ሞተር ማስነሣት፤ መሰላሉን በሚቆረጠው ቅርንጫፍ ላይ ማስደገፍ፤ ያልታጠቀ ሰው ከፍታ ላይ መውጣት፤ ከዛፉ ሥር እንጨት የሚለቅም ሰው እያለ ከላይ መቁረጥ፤ ነፋስ መነሣት። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። «አቁሙ» ይበሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በስልክዎ ላይ ዝግጁ ይሁን።

10. ጉቶውና ጭራሮው

ባሕር ዛፍ ቆርጠው እንዳይመለስ ከፈለጉ ጉቶው ከመሬት ጋር እኩል ይቆረጥ፤ ቡቃያ ባወጣ ቁጥር ገና ለጋ ሳለ በእጅ ይንቀሉት። ሳይታክቱ ከቀጠሉ ሥሩ ያጠራቀመውን ጨርሶ ይሞታል፤ በጥቁር ላስቲክ ሸፍኖ ጠርዙን በአፈር መቅበርም ያግዛል። ጨው፣ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ ጉቶውን ብቻ አይገድልም፤ በዚያ አፈር ላይ ቀጥሎ የሚተክሉትንም ይጎዳል፣ ጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ጎረቤት ካለም ነገሩ ከግቢዎ ያልፋል። አጣና የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ቡቃያ ትተው ሌላውን ያንሡ።

የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እንጀራ ለሚጋግር ጎረቤት ሀብት ነው፤ አያቃጥሉት። ትኩሱን ቅጠል ግን በአትክልት መደብ ላይ አይበትኑ፤ ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል። የብሳናና የግራቪሊያ ቅጠል ከአፈር ጋር ተከምሮ ሲበሰብስ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል።

በወደቀው ምትክ የሚተክሉ ከሆነ ሐምሌ ላይ ይሁን፤ ሥሩ ዝናቡ ሳያልቅ እንዲይዝ። ዝግባ ከግድግዳና ከሴፕቲክ ታንክ አጠገብ አይተከልም። ችግኙ ጉልበት የማይደርስ ስለሆነ ሰው ይህን አያምነኝም።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ዝቅተኛ ዋጋ የጠራውን መያዝና ዋጋው ለምን እንዳነሰ አለመጠየቅ። አብዛኛውን ጊዜ የተቀነሰው ገመዱ ነው።

«እግረ መንገዳችሁን ያንንም» ማለት። ውል ላይ ያልነበረው ዛፍ በድካም ሰዓት፣ በደነዘ መጋዝ ነው የሚሠራው።

ጥዱን በሁለት ጎን ላጭቶ ከላይ ጥቂት ቅጠል ማስቀረት። ነፋሱ የሚይዘው ጫፉ ላይ ብቻ ስለሚሆን ግንዱ ከበፊቱ ይበልጥ ይወዛወዛል።

ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ጭነው፣ ሞተሩ ተነሥቶ ሲጠብቁ በመስኮት በኩል ቀሪውን ገንዘብ ማቀበል። መጀመሪያ ዛፉን አብረዋቸው ይዙሩት፤ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ካለ በዚያች ሰዓት ያወርዱታል፣ ነገ ግን ስልክ አያነሡም።